ዘነበ የተባለለት ዓመት

ወንበሩ ናንዶ ጀርባ ላይ ሲያርፍ አንድ እግሩ ተነቅሎ በረረና የዶሚኖው ጠረጴዛ ስር ገባ። ወንበሩን ያነሳው ዳሪዮ ነበር። አባቱ ከተቀበረ ሳምንት እንኳ አልሞላውም፤ ክንዱ ላይ ያሰረው ጥቁር ጨርቅ ገና አዲስ ነው። ዓሣ ሻጩ ናንዶ ግዙፍ ሰው ስለሆነ ወዲያው አልወደቀም። ቀስ ብሎ ዞረና የዳሪዮን ሸሚዝ ከአንገቱ ላይ ጨምድዶ ያዘው። ከዚያ ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ አፍንጫው ላይ በቴስታ አቀመሰው።

«ምን አልኩ እኔ?» አለ ናንዶ ትንፋሽ እያጠረው። «ዝናቡ ጋ መቼ ነው የምንደርሰው ብዬ ጠየቅሁ። በቃ።»

«ድገማታ» አለ ዳሪዮ። ደሙ በጣቶቹ መሃል ይንጠባጠባል። «አንዴ ድገማትና ለአንተም እዚሁ እናለቅስልሃለን።»

ሽማግሌዎቹ መሃል ገቡ። ማንም ብዙ አልደነገጠም። አንዱ የተበተነውን የዶሚኖ ጠጠር ይለቅማል፣ ሌላው የተሰበረውን ወንበር እያገላበጠ ይጠገን እንደሆነ ያያል። ቤት ውስጥ፣ ነጭ አንሶላ በለበሰው መሠዊያ ፊት፣ ዶኛ ቶማሳ መቁጠሪያዋን ይዛ ጸሎት ትመራለች። ጠቡን ስትሰማ ያደረገችው ነገር ቢኖር ድምጿን ከፍ ማድረግ ነው።

ዲግና የዝንጅብል ሻይ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። የሟቹ ልጅ፣ የዳሪዮ ታላቅ እህት ናት። በዚህ ቤት ሰው ሲመታ ማየት ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም። የከነከናት ናንዶ ሊቀልድ ብሎ ያነሳው ዝናብ ነው።

በከተማችን በሳንታ ኡርሱላ ሰው ሲሞት ሐዘኑ ዘጠኝ ቀን ነው። ሟቹ ለቤዝቦል ቡድናችን፣ ለአገዳ ቆራጮቹ የተጫወተ ከሆነ ግን ሥርዓቱ ለየት ይላል። ሴቶቹ ውስጥ ሲጸልዩ ወንዶቹ ውጭ ሸራው ስር ተቀምጠው የቡድኑን ዘመን ከመጀመሪያው ጀምረው ዓመት በዓመት ይተርካሉ። አንዱ ዓመት ተተርኮ ሲያልቅ የደጋፊዎቹ አለቃ ዶን ፊደንሲዮ አንዲት የዶሚኖ ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ጧ ያደርጋታል። ያ ዓመት ተዘጋ ማለት ነው። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ መከራከር፣ መሰዳደብ፣ እንዳየነው መፈነካከትም ይፈቀዳል። በዘጠነኛው ቀን ግን ሁሉም እንደ አዲስ ያለ ክርክር ይደገማል። የዚያን ዕለት የተባለውን ከዚያ ወዲያ ማንም አይለውጠውም።

እኛ ዓመቶቻችንን በቁጥር አንጠራም። የምንጠራቸው በጠባቸው ነው። ቡድኑ የተመሠረተበት ዓመት የዳኛው ጥርስ ይባላል። ዳኛው የእኛን ሯጭ አልደረሰም ብሎ ሲያስወጣው አንድ አገዳ ቆራጭ ከተመልካች መሃል ወርዶ ባልተላጠ አገዳ አፉን አለው። ጥርሶቹም ለብዙ ጊዜ መጠጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ በብርጭቆ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ የእሳቱ ዓመት ይመጣል፤ ለወደቡ ቡድን፣ ለሻርኮቹ ተሸንፈን በንዴት የገዛ መቀመጫችንን ያቃጠልንበት፣ በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ አመዱ ላይ ቆመን ያጨበጨብንበት። ከዚያ የኮሎኔሉ ዓመት፤ ውርርድ የተበላ ኮሎኔል ወታደር አስገብቶ ጣሪያችንን በጥይት የበሳበት። ጨዋታው ግን አልቆመም፣ አቁሙ ያለ ሰው አልነበረማ። ዋንጫ ያነሳንባቸው ዓመታትም አሉ፤ ሲተረኩ ቶሎ ያልቃሉ።

ቀጥሎ የድንጋይ እጅ ዓመት ነው፤ ድንጋይ እጅ የምንለው ሟቹ ኤሊሴዮ ከአገዳ ማሳ ተጠርቶ የመጣበት። የመጀመሪያዋን ኳስ መቺው ጎድን ላይ ሰካት። አጥንቱ ሲሰበር ስኳር ፋብሪካው ድረስ ተሰማ ይባላል። ውሸት ነው፣ ፋብሪካው ራሱ ሲጮህ ማን ምን ይሰማል። ሕዝቡ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ኤሊሴዮን እንደ ጉድ ወደደው። እሱ የወረወረባቸው ዓመታት በሙሉ በሰው አካል ይጠራሉ፤ የክርኑ ዓመት፣ የመንጋጋው ዓመት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ከእነዚህ መሃል ስም የሌለው አንድ ዓመት አለ። እዚያ ሲደረስ ዶን ፊደንሲዮ አይናገርም። ክንዱን ከሸራው ውጭ ዘርግቶ መዳፉን ወደ ሰማይ ይገለብጣል፣ ካፊያ መኖሩን እንደሚያጣራ ሰው። የተቀመጡት ሁሉ እንደ እሱ መዳፋቸውን ይገለብጣሉ። ዘንቦ ነበር ማለታቸው ነው። ጠጠር አይመታም፤ ወደሚቀጥለው ዓመት ይታለፋል። ልጆቻችን ይህንን እያዩ አድገው ያን ዓመት የጎርፍ ዓመት የሚመስላቸው ሞልተዋል።

ዲግና ግን ያን ዓመት ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ልጅ ሳለች አባቷ መወርወር ያስተማረው እሷን ነበር። ዳሪዮ እጁ አልታዘዝለት ብሎ ሲያስቸግር ኤሊሴዮ ጓንቱን ፊቱ ላይ ወርውሮበት ወደ ዲግና ዞረ። ከፋብሪካው ጀርባ አጥሩ ላይ ቆርቆሮ ይደረድሩና ያልበሰለ ብርቱካን እየለቀሙ ይወረውራሉ። «ዓይንሽን ከቆርቆሮው ላይ አትንቀይ» ይላታል፣ «እጅሽ ራሱ ይከተልሻል።» ስትመታ ከልቡ ይስቃል፣ ትከሻው ላይ አውጥቶ ወደ ቤት ይመልሳታል። ዲግና በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ያላት ጊዜ ጥቂት ነው። ያው ሰው እራት ላይ ሾርባው ቀዝቅዟል ብሎ ሳህኑን ከነሾርባው ወደ እናቷ ይወረውራል። ያኔም አይስትም።

ራሚሮ የሻርኮቹ መቺ ነበር፣ ስቆ የማይጠግብ ልጅ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ኤሊሴዮ የወረወራትን ኳስ መትቶ ከአጥሩ በላይ ወደ አገዳው ማሳ ሰደዳት፤ እስከ ዛሬም አልተገኘችም። እየሳቀ ዙሩን ጨረሰ። ዲግና ከተመልካች መሃል ሳታስበው አብራው ሳቀች። ከዚያ በኋላ ራሚሮ በአውቶቡስ እየመጣ ገበያው ጀርባ ያገኛት ጀመር። ስለ ጋብቻ አወሩ፤ ዲግና የቀሚሱን ጨርቅ ሳይቀር መርጣ ነበር። አባቷ የደረሰበት ቀን ምንም አላላትም፣ አልመታትምም፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። እራቱን በልቶ እጁን ታጠበና «እሁድ ጨዋታ አለ፣ ከፊት ተቀመጪ» አላት።

ከወንበሩ ጠብ ማግስት ከሰዓት በኋላ ዳሪዮ አፍንጫው ላይ ፋሻ ለጥፎ ኩሽና ገባ። ዲግና ምድጃው ላይ የጣደችውን ዝንጅብል ታማስላለች።

«ከንቲባው ለዘጠነኛው ቀን ይመጣል» አላት። «ስታዲየሙ በር ላይ የአባዬ ስም ሊጻፍ ነው። ቀለሙ ሁሉ ተገዝቷል።»

«ይጻፋ።»

«እኔ ያንቺን ዓይን አውቀዋለሁ። ሽማግሌዎቹን እንዴት እንደምታያቸው አይቻለሁ።»

«ዳሪዮ፣ አልዘነበም።»

«ዘንቧል።»

«አቧራው እንዳይነሳ ጠዋቱን ሙሉ ሜዳውን ውሃ ሲያጠጡ ነው የዋሉት። ሰዓቱ ሲደርስ እሱም ደርቆ ነበር። አንተም እኮ ነበርክ። አቧራ ዓይኔ ገባ እያልክ ስትነጫነጭብኝ አልነበር?»

ዳሪዮ አንጓዋን ይዞ እጇን ወደሚፈላው ድስት አስጠጋው። እንፋሎቱ መዳፏን ለበለባት። «ያን ዓመት አፍሽ ላይ ካመጣሽው ጥርስሽን አራግፌ ከዳኛው ጥርስ ጋር ብርጭቆ ውስጥ ነው የምከትልሽ» አላት። «ዕድሜ ልኬን የድንጋይ እጅ ልጅ ተብዬ ነው የኖርኩት። ሌላ ምን አለኝ? ንገሪኝ እስቲ፣ ሌላ ምን አለኝ?»

ዲግና በነፃ እጇ ጭልፋውን አንስታ ጉልበቱን አለችው። ለቀቃት። በልጅነታቸው ተደባድበው ሲለያዩ ያደርጉት እንደነበረው፣ እያለከለኩ ተፋጠጡ። የዳሪዮ ዓይን እንባ ሞላ፤ ከጉልበቱ ሕመም ይሁን ከሌላ አልለየችም።

«አባትሽ ነው እኮ» አላት።

«አባቴ መሆኑንማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ማን ነበር ሲያጥበው የኖረው?»

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ድንጋይ እጅ ማንኪያ ማንሳት አቅቶት ነበር። ትከሻው አልቆ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። ዲግና ታጎርሰዋለች፣ ፀጉሩን ታበጥርለታለች፣ ጥፍሩን ትቆርጥለታለች። ያንን እጅ በሳሙና ስታሸው አንዳንዴ ብዙ ትቆይበታለች። የማንም ሽማግሌ እጅ ነው፣ ቆዳው የሳሳ፣ ሥሩ የወጣ። ጠልታው አታውቅም ማለት ውሸት ነው፤ ወዳው አታውቅም ማለትም ውሸት ነው። አንድ ቀን ሾርባ እያጎረሰችው ሳለ አፉን ከማንኪያው ሸሸት አደረገ።

«ዲግና፣ ያን እሁድ ዘንቦ ነበር አይደል?» አላት።

ትዕዛዝ አልነበረም፤ ልመና ነበር። ዲግና ማንኪያውን ወደ ሳህኑ መልሳ ሾርባውን አማሰለች። አባቷ ጠበቃት፣ ጠበቃት፣ ከዚያ እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። በጨርቅ ጠረገችለትና የቀረውን ሾርባ አጎረሰችው። ዳግመኛ አልጠየቃትም፣ እሷም ሳትመልስለት ሞተ።

ይህንን የሚያውቅ የለም። ለቅሶ የሚደርሱት ሴቶች የሚያዩት ዓይኗ መድረቁን ብቻ ነው። «አንድ ዘለላ እንባ አላየሁባትም» ትላለች አንዷ ቡናዋን ፉት እያለች። «ምን ታድርግ፣ ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፣ ሽማግሌ ስታገላብጥ ደርቃ ቀረች» ትላለች ሌላዋ። ዲግና ከጀርባቸው ቆማ ባዶውን ሲኒ ትሰበስባለች። እሷን የጨነቃት ሌላ ነው። በራሱ በአባቷ ለቅሶ፣ በዘጠነኛው ቀን መዳፎቹ ከተገለበጡ ራሚሮ ለዘላለም በዝናብ የሞተ ሰው ሆኖ ሊቀር ነው። ተነስታ እንዳትናገር ደግሞ አባቷ ገና አፈሩ አልደረቀም። ጸሎቱ በተደገመ ቁጥር ዛሬ እናገራለሁ ትላለች፣ መሠዊያው ላይ የቆመውን የአባቷን ፎቶ ስታይ ትሪዋን አንስታ ወደ ኩሽና ትመለሳለች።

በዘጠነኛው ቀን ሸራው ስር መቆሚያ ጠፋ። ከንቲባው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። በሩ ወለል ብሎ ስለተከፈተ መሠዊያው ከውጭ ይታያል። ሻማዎቹ መሃል የኤሊሴዮ ፎቶ ቆሟል፤ ቀኝ እጁን ከጆሮው ጀርባ ስቦ ሊወረውር ሲል የተነሳው ነው። ከፎቶው አጠገብ ለመጨረሻ ጊዜ የወረወራት ኳስ ተቀምጣለች። ዲግና ከዶኛ ቶማሳ ጎን ቆማ የውጭውን ትሰማለች። የዳኛው ጥርስ ተተረከ፣ ጠጠሯ ጧ አለች። እሳቱ ተተረከ፣ ጧ። ኮሎኔሉ፣ ድንጋይ እጅ፣ ክርኑ፣ መንጋጋው። ከዚያ ዶን ፊደንሲዮ ክንዱን ከሸራው ውጭ ዘረጋና መዳፉን ገለበጠ።

ዱላው የወረደው መዳፉ ላይ ነው።

የመታው ከሰዉ ጀርባ ቆሞ ሲያዳምጥ የቆየ ሽበታም ሰው ነው፣ አሮጌ የቤዝቦል ዱላ የያዘ። ለተጫዋች ለቅሶ ዱላ ይዞ የሚመጣ ብዙ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም ነበር። የተመታው መዳፍ አጥንት ሲሰበር ግን ሁሉም ሰማ። ዶን ፊደንሲዮ አልጮኸም። እጁን ደረቱ ላይ አጥፎ ቁጭ አለ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ባሲሊዮ እባላለሁ» አለ ሰውየው። «የራሚሮ ታናሽ ነኝ። እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ እነዚያ ሰዎች ዛሬም ዘነበ ይላሉ ወይ እያለች ስትጠይቅ ኖረች። ዛሬም ትላላችሁ።»

ሁለተኛውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው፤ ጠጠሮቹ ተበተኑ። ሦስተኛውን አላስጨረሱትም። ተረባረቡበት፣ በቡጢና በእርግጫ እየነዱ በሩ ድረስ ወሰዱትና ደፉ ላይ ጣሉት። ግርግሩ መሠዊያውን ነካው፣ ፎቶው ወድቆ መስታወቱ ተሰባበረ፣ ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ሸሹ። ዳሪዮ የባሲሊዮን ፊት በጫማው ይረግጣል፤ ከስሩ ደምና ጥርስ ይወጣል። አንዱ ከጓሮ የአገዳ ቆንጨራ አምጥቶ አቀበለው። ዳሪዮ ቆንጨራውን ከራሱ በላይ አነሳ።

ዲግና ከመሠዊያው ላይ ኳሷን አነሳች። አላሰበችበትም። ጣቶቿ ስፌቱን አገኙት፣ ክንዷ ከጆሮዋ ጀርባ ሄደ፣ ዓይኗ የወንድሟ ትከሻ ላይ ቀረ። ኳሷም እዚያው ሄደች። ቆንጨራው ሲሚንቶው ላይ ተንኳኳ፤ ዳሪዮ ክንዱ ተንጠልጥሎ ተንበረከከ።

ያን አወራወር የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ አማተበ።

«ጭንቅላቱ ቅርብ ነበር» አለች ዲግና። «ትከሻውን ፈለግሁ፣ ትከሻውን መታሁ። ያስተማረኝ አባቴ ነው። ኳሷ ብትደርቅ፣ ብትረጥብ፣ ብርቱካን ብትሆን፣ አባቴ ያየውን አይስትም። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስትኮሩበት ነው የኖራችሁት።»

ዳሪዮ ሊነሳ ሲል ናንዶ ከኋላው መጥቶ በከባድ እጁ አንገቱን ጫን አደረገው። «ተቀመጥ የኔ ጌታ። ወንበሩን አልረሳሁትም» አለው።

ከንቲባው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሥርዓታችን የታወቀ ነው፣ በዘጠነኛው ቀን ክርክር የለም» አለ።

«ክርክር አይደለም» አለ ዶን ፊደንሲዮ። የተሰበረ እጁን ሸሚዙ ውስጥ ከቶ፣ ላብ እያጠመቀው ነው የሚናገረው። «እኛ ያን ዓመት ተርከነው አናውቅም። ጠጠር ተመቶበት አያውቅም። ያልተተረከ ነገር ላይ ምን ክርክር አለ? ተናገሪ ልጄ።»

ዲግና ደፉ ላይ ወጣች። ባሲሊዮ እግሯ ስር ደሙን እየተፋ ያዳምጣታል።

«ጥር ነበር» አለች። «አገዳው ይቃጠላል፣ ከጭሱ በቀር ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም። ከፊት ተቀመጪ ብሎኝ ከፊት ተቀመጥኩ። ራሚሮ ሊመታ ሲገባ ሳቀልኝ። አባቴ ኳሷን ጓንቱ ውስጥ ይዞ ቆየ። መጀመሪያ ያየው ራሚሮን አይደለም፣ እኔን ነው። ማየቴን እስኪያረጋግጥ ድረስ አየኝ። ከዚያ ወረወረ።»

የበሩን መቃን ያዘች።

«ጆሮው ላይ ነው። ዱላውን እንደያዘ ወደቀ። እግሩ መሬቱን ይቆፍራል፣ አቧራው ይነሳል፣ እናንተ ታጨበጭባላችሁ። እንደማይነሳ ሲገባችሁ ነው ያቆማችሁት። ዳኛው ምን ልበል ብሎ ግራ ሲገባው፣ ከመካከላችሁ አንዱ ዘንቦ ነበር፣ ኳሷ ረጥባ ከእጁ አመለጠች በል አለው።»

ማነው ብሎ የጠየቀ የለም። ዶን ፊደንሲዮ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«ኤሊሴዮ አባቴ ነው፣ እወደዋለሁ» አለች ዲግና። «ራሚሮን ገደለው፣ ሆን ብሎ ገደለው። ያ ዓመት ስም አለው። የራሚሮ ዓመት በሉት።»

ዶን ፊደንሲዮ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ አንዲት ጠጠር ከመሬት አነሳ። ግራው አልለመደም፤ የመጀመሪያዋን ስቶ ጠጠሯ ከእጁ አመለጠች። እንደገና ለቅሞ መታት። ድምጿ ደከም ያለ ነበር፣ ሁሉም ግን ሰምቷታል። ከንቲባው ስለ በሩም ስለ ቀለሙም ሳያነሳ ሹልክ ብሎ ወጣ። ዳሪዮ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ፊቱን በደህናው ክንዱ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። ናንዶ ባሲሊዮን ብብቱ ስር ገብቶ አነሳና ወንበር ሰጠው፣ የዝንጅብል ሻይም አቀበለው። ባሲሊዮ በተሰነጠቀ ከንፈሩ ቀመሰው፣ አቃጠለው፣ እንደገና ቀመሰው።

ጸሎቱ ሳያልቅ የሟች ነፍስ ከቤት አትወጣምና ሴቶቹ የቀረውን አደረሱ። ከዚያ መሠዊያውን አፈረሱት። አንሶላው ታጠፈ፣ ሻማዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ፣ ሟቹ እንዲሄድ መስኮቱና በሩ ሁሉ ተከፈተ። ዶኛ ቶማሳ ፎቶውን ከወለሉ ላይ አንስታ ለዲግና ሰጠቻት። «ያንቺ ነው፣ ልጄ» አለቻት።

ዲግና የመስታወቱን ስብርባሪ ጓሮ ወስዳ አራገፈች፣ የቀረውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ኤሊሴዮ ወጣት ነው፣ ዓይኑን ከሚመታው ነገር ላይ አልነቀለም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያልመጣው እንባ መጣ፤ አልከለከለችውም። የሚወረውረውን እጅ በቀኝ አውራ ጣቷ ሸፈነችና ፊቱን ሳመችው።